የመመርመሪያ ቁሶች መሻሻልና የሕክምና ምስል አገልግሎት፦ ለአማኑኤልና መሰል ከተሞች ተገልጋይ ያለው ትርጉም

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የማቻከል ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አማኑኤል ከተማ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖር ዜጋ ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይበት፣ ወድቆ አጥንቱ ሲሰበር ወይም አንገቱ ላይ የወጣው እንቅርት ትንፋሽ ሲያሳጥረው በቅድሚያ የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ነው። ሐኪሙ የውስጥ አካልን ማየት ካስፈለገው ተገልጋዩ ራጅ እንዲነሣ ይታዘዝለታል። ምርመራው በአቅራቢያ ካልተገኘ ደግሞ የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዳንዴም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ተገልጋዩን የሚያሳስቡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ምርመራው የት ይገኛል? ምስሉ በሽታውን አጥርቶ ያሳያል ወይስ እንደገና መነሣት ይኖርበታል? የሚወስደው ጨረር ምን ያህል ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በከፊል የሚወሰነው ታካሚው ፈጽሞ በማያየው ነገር ነው። ይህም በራጅ ሰሌዳው፣ በሲቲ ስካን ቀለበቱ ወይም በጋማ ካሜራው ውስጥ ተሸፍኖ የሚገኘውና ሲንቲሌተር በመባል የሚታወቀው ቁስ ነው። ይህን ቁስ የማሻሻል ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ሲካሄድ ቆይቶ በአሁኑ ወቅት በአዲስ ምዕራፍ ላይ ይገኛል። ይሁን እንጂ የቁሱ መሻሻል በራሱ ለታካሚው የሚሰጠው ዕድል ብቻ ነው፤ ዕድሉን ወደ ተጨባጭ ጥቅም የሚለውጡት የመሣሪያ አመራረጥ፣ የባለሙያ አሠራር፣ ጥገናና የሪፈራል ቅንጅት ናቸው።

ሲንቲሌተር ምን ያደርጋል?

የራጅ ጨረር በዓይን አይታይም፤ የሰውን አካል አልፎ ሲወጣ ግን አካሉ ምን እንደሚመስል የሚናገር መረጃ ይዞ ይወጣል። አጥንት ብዙውን ጨረር ያስቀራል፤ አየር የሞላበት ሳንባ ብዙውን ያሳልፋል። መሣሪያው ይህን ልዩነት ወደ ምስል ለመለወጥ በመጀመሪያ ጨረሩን መያዝ አለበት። ሲንቲሌተር የሚባለው ቁስ ጨረሩን ይውጥና ጉልበቱን ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ከሥሩ የተነጠፈው የኤሌክትሮኒክስ ንጣፍ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት፣ ኮምፒውተሩም ምልክቱን ወደ ምስል ይቀይረዋል።

የለውጡን መጠን በአንድ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በዲጂታል የራጅ ሰሌዳዎች ውስጥ በብዛት የሚገኘው በታሊየም የዳበረ ሲዚየም አዮዳይድ 60 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለውን አንድ የራጅ ፎቶን ሲውጥ ሦስት ሺህ ገደማ የብርሃን ፎቶኖችን ያወጣል። ከዚያ ያነሰ ብርሃን የሚሰጥ ወይም የጨረሩን ሰፊ ክፍል ሳይዝ የሚያሳልፍ ቁስ ቢሆን ኖሮ ተመሳሳይ ምስል ለማግኘት በታካሚው ላይ ተጨማሪ ጨረር መልቀቅ ያስፈልግ ነበር። የቁሱ ጥራትና የታካሚው ደኅንነት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። በታካሚው አካል አልፎ በመቀበያው ላይ ሳይያዝ የሚያመልጥ እያንዳንዱ ጨረር ጉዳቱን ትቶ ጥቅሙን ሳይሰጥ የሄደ ጨረር ነው።

ከመጀመሪያው ብርሃን እስከ ዲጂታል ሰሌዳ

የራጅ ታሪክ ራሱ የጀመረው በሚያበራ ቁስ ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ያልታወቀውን ጨረር ያገኘው በቤተ ሙከራው ውስጥ ባሪየም ፕላቲኖሳያናይድ የተቀባ ሰሌዳ በጨለማ ሲያበራ ተመልክቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካዊው ቶማስ ኤዲሰን በርካታ ኬሚካሎችን ፈትሾ ካልሲየም ተንግስቴት የተሻለ ብርሃን እንደሚሰጥ አረጋገጠ። ይህም ቁስ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የራጅ ክፍሎች ዋነኛ አገልጋይ ሆኖ ቆየ።

አዲሱ ግኝት ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር የተገናኘው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት የኢጣሊያ ወታደሮች በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት ያለበት ቦታ በራጅ ተለይቷል። ይህም የራጅ ጨረር ለጦር ሜዳ ቁስለኞች ከዋለባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። በአማርኛ የተለመደው «ራጅ» የሚለው ቃልም የመጣው ጨረር የሚል ትርጉም ካለው የጣልያንኛ ቃል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሬር ኧርዝ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች የተሠሩ ቁሶች ካልሲየም ተንግስቴትን መተካት ጀመሩ። ካልሲየም ተንግስቴት ከዋጠው የጨረር ጉልበት ውስጥ ወደ ብርሃን የሚለውጠው 5 በመቶ ገደማውን ነው። በተርቢየም የዳበረው ጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ ግን 15 በመቶና ከዚያ በላይ ይለውጣል። በዚህ አንድ የቁስ ለውጥ ምክንያት ለብዙ የራጅ ምርመራዎች የሚያስፈልገው የጨረር መጠን በግማሽና ከዚያ በላይ ሊቀንስ ችሏል። የራጅ ማሽኑ ዋና አካል ሳይለወጥ፣ ከፊልሙ ጋር የሚቀመጠው ስስ ሰሌዳ ብቻ ተለውጦ የተገኘ ውጤት ነው።

ቀጣዩ እመርታ የሲዚየም አዮዳይድ ነው። በዱቄት መልክ የተዘጋጀ ሲንቲሌተር አንድ ችግር አለበት። ብዙ ጨረር እንዲይዝ ንጣፉ ሲወፍር ብርሃኑ ወደ ጎን ይበተንና ምስሉ ይደበዝዛል፤ ምስሉ እንዲጠራ ንጣፉ ሲሳሳ ደግሞ ብዙ ጨረር ያመልጣል። ሲዚየም አዮዳይድ ግን ጎን ለጎን እንደቆመ የሸምበቆ አጥር በቀጫጭን መርፌዎች መልክ እንዲበቅል ማድረግ ይቻላል። የእያንዳንዱ መርፌ ውፍረት ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ገደማ ሲሆን በውስጡ የተፈጠረው ብርሃን ወደ ጎን ሳይበተን በመርፌው ርዝመት ወደ ታች ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ንጣፉን አወፍሮ ብዙ ጨረር መያዝም፣ የምስሉን ጥራት መጠበቅም በአንድነት ተችሏል።

አንድ ቁስ ለሁሉም ምርመራ አይሆንም

ተገልጋዮች አልፎ አልፎ «ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ያነሣሉ። መልሱ እንደ ምርመራው ዓይነት ይለያያል።

ሲቲ ስካን የራጅ ምንጩንና መቀበያውን በታካሚው ዙሪያ በፍጥነት እያሽከረከረ በሰከንድ ከሺህ በላይ ንባቦችን ይወስዳል። በመሆኑም ቁሱ ብዙ ብርሃን መስጠቱ ብቻ አይበቃም፤ ብርሃኑ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የአንዱ ንባብ ቅሪት በሚቀጥለው ላይ ይደረብና ምስሉን ያዛባል። እንግሊዛዊው ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1971 የመጀመሪያውን ታካሚ በለንደን ሲመረምር የተጠቀመበት ሶዲየም አዮዳይድ ይህ ድክመት ነበረበት። ከጊዜ በኋላም በሌሎች ክሪስታሎችና በሴራሚክ ቁሶች ተተክቷል። ሃውንስፊልድ ለሲቲ ስካን የሒሳብ መሠረት ከጣለው የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ አለን ኮርማክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

በአንጻሩ ሶዲየም አዮዳይድ በኑክሌር ሕክምና ዘርፍ ዛሬም ቦታውን አልለቀቀም። ሮበርት ሆፍስታተር እ.ኤ.አ. በ1948 ባስተዋወቀው በዚህ ክሪስታል ላይ ተመሥርቶ ሃል አንገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ጋማ ካሜራን ሠራ። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚሰጠው የኑክሌር ሕክምና ምርመራ በዚህ ዓይነት መሣሪያ የሚከናወን ነው። የአዮዲን እጥረት በቆየባቸው የጎጃም ደጋማ አካባቢዎች እንቅርት የተለመደ የጤና ችግር በመሆኑ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራን በምስል ማየት ለሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች የዚህ ክሪስታል ጤንነት የሩቅ ሳይንስ ጉዳይ አይደለም። ክሪስታሉ እርጥበት ከነካው ይበላሻል፤ የክፍሉ ሙቀት በፍጥነት ሲለዋወጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። የማቀዝቀዣና የኤሌክትሪክ መቋረጥ ለአንድ ጋማ ካሜራ ከባድ አደጋ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፔት ስካን በተባለው የካንሰር ምርመራ ደግሞ የሚፈለገው እጅግ ጥቅጥቅ ያለና እጅግ ፈጣን ቁስ ነው። ቀድሞ ያገለግል የነበረው ቢስመዝ ጀርማኔት ጥቅጥቅነት ቢኖረውም የሚሰጠው ብርሃን አነስተኛ፣ የብርሃኑም መጥፊያ ጊዜ 300 ናኖ ሰከንድ ገደማ ነው። ሉቴሺየም ያለበት አዲሱ ክሪስታል በሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ብርሃን እየሰጠ በ40 ናኖ ሰከንድ ገደማ ይጠፋል። ይህም ምርመራው እንዲያጥርና ለታካሚው የሚሰጠው የራዲዮአክቲቭ መድኃኒት መጠን እንዲቀንስ በር ከፍቷል።

ወቅታዊው ሁኔታ፦ አዳዲስ ቁሶችና የጥሬ ዕቃ ገበያ

በአሁኑ ወቅት በዘርፉ ሁለት አቅጣጫዎች ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው ሲንቲሌተርን ጭራሽ የማስቀረት አቅጣጫ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ፈቃድ የሰጠው ፎቶን ቆጣሪ ሲቲ ስካን በካድሚየም ቴሉራይድ አማካይነት ጨረሩን በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል። ውጤቱ ከፍተኛ ቢሆንም ዋጋውም የዚያኑ ያህል ከፍተኛ ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ በአነስተኛ ወጪ ሊመረቱ የሚችሉ ሲንቲሌተሮችን ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የተደረገ ምርምር ፔሮቭስካይት ከሚባለው የቁሶች ቤተሰብ የተገኙ ጥቃቅን ክሪስታሎች ለራጅ ምስል ሊያገለግሉ እንደሚችሉ አሳይቷል። እነዚህ ቁሶች ከፍተኛ ሙቀትና ውድ እቶን ሳያስፈልጋቸው ከፈሳሽ ሊዘጋጁ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ እርጥበትን አይቋቋሙም፤ በውስጣቸውም መርዛማ የሆነው እርሳስ ይገኛል። ተመራማሪዎች በእርሳስ ፋንታ እንደ መዳብ ያሉ ንጥረ ነገሮችን በመጠቀም ችግሩን ለመፍታት እየሠሩ ነው። ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሆስፒታል ውስጥ ለዓመታት የሚያገለግል ምርት መሆን ግን ሌላ ፈተና ነው።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የጥሬ ዕቃ አቅርቦት ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ሆኗል። ቻይና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በሰባት የሬር ኧርዝ ንጥረ ነገሮች የወጪ ንግድ ላይ የፈቃድ ቁጥጥር ጥላለች። ከሰባቱ መካከል ጋዶሊኒየም፣ ተርቢየም፣ ሉቴሺየምና ኢትሪየም ይገኙበታል፤ እነዚህም በተለያዩ የሕክምና ሲንቲሌተሮች ውስጥ የሚገቡ ናቸው። እንደ ኢትዮጵያ መሣሪያውንም መለዋወጫውንም ከውጭ ለሚያስገባ አገር ጉዳዩ ተግባራዊ ትርጉም አለው። የተሰበረን ሰሌዳ መተካት ወደፊት ሊዘገይና ሊወደድ ይችላል፤ በእጅ ያለውን መሣሪያ በጥንቃቄ መያዝ ከመቼውም ጊዜ በላይ ዋጋ ያለው ሥራ ይሆናል።

የተሻለ ቁስ ብቻውን ጨረርን አይቀንስም

በዘርፉ በሚገባ የታወቀ፣ ነገር ግን ከባለሙያዎች ክበብ ውጭ ብዙ ያልተነገረ አንድ እውነታ አለ። በፊልም ዘመን ባለሙያው ከሚገባው በላይ ጨረር ከለቀቀ ፊልሙ ይጠቁርና ስሕተቱ ራሱን ያጋልጥ ነበር። በዲጂታል ሰሌዳ ላይ ግን እንዲህ አይሆንም። ኮምፒውተሩ የምስሉን ድምቀት በራሱ ስለሚያስተካክል፣ ጨረር የበዛበት ምስል ከመጥቆር ይልቅ ይበልጥ የጠራ ይመስላል። በአንጻሩ ጨረር ያነሰበት ምስል የተንቆጠቆጠ ይሆንና ከሐኪም ቅሬታ ያስነሣል። ቅሬታን ለማስቀረት የሚለቀቀው መጠን ቀስ በቀስ ከፍ እያለ የሚሄድበት አጋጣሚ በብዙ አገሮች ተስተውሏል። በመሆኑም ጨረርን ሊቀንስ የተሠራ ቁስ ቁጥጥር በሌለበት አሠራር ጨረርን ለመጨመር መንገድ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ መፍትሔ እንዲሆን ዲጂታል መሣሪያዎች ከእያንዳንዱ ምስል ጋር ሰሌዳው የተቀበለውን የጨረር መጠን የሚያመለክት ቁጥር ያሳያሉ። ቁጥሩ በሁሉም አምራቾች ዘንድ ተመሳሳይ ትርጉም እንዲኖረው የሚያስችል ዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጥቷል። ቁጥሩ ጥቅም የሚሰጠው ግን ባለሙያው ሲመዘግበውና ኃላፊው በየጊዜው ሲመረምረው ነው። ለሕፃናት የተለየ መጠን መጠቀም፣ ጨረሩ የሚያርፍበትን ስፋት ለምርመራው በሚያስፈልገው ቦታ ላይ ብቻ መወሰንና መሣሪያውን በየጊዜው መለካት ተጨማሪ ውድ ዕቃ የማይጠይቁ፣ ውጤታቸው ግን ከአዲስ ቁስ የማይተናነስ እርምጃዎች ናቸው።

በሕግ ረገድ ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የጨረራ ሥራን የሚቆጣጠር አካል በአዋጅ የተቋቋመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። በሥራ ላይ የቆየው የጨረራና ኑክሌር መከላከያ አዋጅ ቁጥር 1025/2009 የጨረር መሣሪያ የሚጠቀም ተቋም ፈቃድ እንዲኖረው ያስገድዳል። ለሠራተኞች በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠው የጨረር ገደብ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ ለጠቅላላው ሕዝብ ደግሞ ከሕክምና ውጭ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። ለታካሚ ግን በቁጥር የተቀመጠ ገደብ የለም። ለታካሚው መከላከያ የሚሆኑት ምርመራው በእርግጥ የሚያስፈልግ መሆኑና መጠኑ ለዓላማው ከሚበቃው ያላለፈ መሆኑ ናቸው። ይህ በመሆኑ የሐኪሙና የራጅ ባለሙያው ኃላፊነት ከፍ ያለ ነው።

በአማኑኤልና መሰል ከተሞች ሚዛኑ ምን ይመስላል?

ለአንድ ደጋማ የወረዳ ከተማ የሚሆን መሣሪያ ሲመረጥ በዓለም ገበያ የቀዳሚነት ደረጃ የያዘው ሁልጊዜ ትክክለኛው ምርጫ አይሆንም። ሲዚየም አዮዳይድ ያለበት ሰሌዳ በአነስተኛ ጨረር ጥሩ ምስል ይሰጣል፤ ሆኖም ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከእርጥበትም በሚገባ መታሸግ አለበት። ጋዶሊኒየም ኦክሲሰልፋይድ ያለበት ሰሌዳ ለተመሳሳይ ምስል በአብዛኛው ከፍ ያለ ጨረር ይጠይቃል፤ በአንጻሩ ርካሽና እርጥበትን የሚቋቋም ነው። ብዙ ሕፃናትና ወጣቶች በሚመረመሩበት ተቋም የዋጋው ልዩነት በጨረር ቅነሳ ሊካካስ ይችላል። በእጅ እየተያዘ ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር አገልግሎት ደግሞ የሰሌዳው ጥንካሬ ቅድሚያ ሊሰጠው ይችላል። ዋናው ነገር የቁሱ ዓይነት፣ የዋስትናው ዘመንና የመለዋወጫው አቅርቦት በግዢ ዝርዝር መግለጫው ላይ በግልጽ መስፈሩ ነው። «ዲጂታል ራጅ» የሚለው ጥቅል ስም ብቻ እነዚህን ልዩነቶች ይሸፍናቸዋል።

በልገሳ የሚመጡ መሣሪያዎችም በተመሳሳይ ሚዛን ሊታዩ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የሕክምና መሣሪያ ልገሳ መመሪያ በአንዳንድ አገሮች ከተለገሱት መሣሪያዎች ሥራ ላይ የሚውሉት ከ10 እስከ 30 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል። አሮጌ ሲንቲሌተር በጊዜ ብዛትና በጨረር ድካም ብርሃን የመስጠት አቅሙ ሊቀንስ ይችላል። የሚሠራ መስሎ እየታየ ታካሚውን ለበለጠ ጨረር የሚዳርግ መሣሪያ ከማይሠራው ይልቅ ለመለየት ያስቸግራል። ስለሆነም ማንኛውም መሣሪያ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊትና ከዚያም በኋላ በየጊዜው መፈተሹ የግድ ነው።

የኃይል አቅርቦት ሌላው ወሳኝ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ሰሌዳውንና ኤሌክትሮኒክሱን ይጎዳል። በምርመራ መሐል የሚቋረጥ ኃይል ደግሞ ምስሉ እንደገና እንዲነሣ፣ ታካሚውም ሁለተኛ ጊዜ ለጨረር እንዲጋለጥ ያደርጋል። አዳዲሶቹ ሲንቲሌተሮች አነስተኛ ጨረር ስለሚበቃቸው በባትሪ የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ የራጅ መሣሪያዎችን ተግባራዊ ማድረግ አስችለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ራጅን በኮምፒውተር በማንበብ የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት እንዲቻል ምክረ ሐሳብ ሰጥቷል። የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው አገሮች አንዷ ለሆነችው ኢትዮጵያ፣ በተለይም የራዲዮሎጂ ሐኪም በቅርብ በማይገኝባቸው ወረዳዎች፣ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው።

ዲጂታል ምስል ከፊልም የሚለይበት ሌላም ጥቅም አለው። ፊልም ከታካሚው ጋር በአካል መጓዝ ይኖርበታል፤ ዲጂታል ምስል ግን በመረጃ መረብ ወደ ስፔሻሊስት ሊላክ ይችላል። መንገድ በሚዘጋበት፣ የትራንስፖርት ወጪ በሚከብድበት ወይም የእርሻ ሥራ በሚደርስበት ወቅት ከታማሚው ይልቅ ምስሉ እንዲጓዝ ማድረግ ለአንድ የገበሬ ቤተሰብ የቀናት ድካምና የሪፈር ወጪ ያተርፍለታል። ይህ እንዲሆን ግን ተቋማት ምስሎችን በተመሳሳይ የአሠራር ደረጃ ማስቀመጥና የአንዱን ምስል ሌላው መቀበል አለባቸው። ታካሚው ደብረ ማርቆስ የተነሣውን ራጅ ባሕር ዳር ሲደርስ በቂ ምክንያት ሳይኖር እንዲደግም ከተደረገ፣ የተሻለው ቁስ ያተረፈለትን ጨረር አሠራሩ መልሶ ይወስድበታል።

ተገልጋዩ ማወቅና መጠየቅ ያለበት

ዜጎች ስለ ጨረር ያላቸው ስጋት ተገቢ ቢሆንም በልክ መሆን ይኖርበታል። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከሕዋ በተፈጥሮ የሚደርሰው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው፤ እንደ ጎጃም ባሉ ከፍታ ቦታዎች ከሕዋ የሚመጣው ድርሻ ከባሕር ጠለል አካባቢ በመጠኑ ይበልጣል። አንድ የደረት ራጅ በአብዛኛው ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም፤ ይህም የጥቂት ቀናት ወይም የጥቂት ሳምንታት የተፈጥሮ ጨረር ያህል ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን 10 ሚሊሲቨርት ገደማ ሊደርስ ስለሚችል የበርካታ ዓመታት የተፈጥሮ ጨረርን ያክላል። ሐኪም ያዘዘውን ራጅ በፍርሃት መተው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል፤ ሳይታዘዝ «ሲቲ ይታይልኝ» ብሎ መወትወትም እንዲሁ ጎጂ ነው።

በዚህም መሠረት ተገልጋዮች የሚከተሉትን ቢያደርጉ ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ይጠቅማሉ፦

• ቀደም ሲል የተነሡትን የራጅ ፊልም፣ ሲዲና የምርመራ ውጤት ጠብቆ ማቆየትና ወደ ሌላ ተቋም ሲሄዱ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ይዞ መቅረብ፤ የተነሣበትን ቀንም ለሐኪሙ መንገር።

• ምርመራው እንዲደገም ሲታዘዝ የቀድሞው ለምን እንደማይበቃ በአክብሮት መጠየቅ።

• ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን እንደምትችል የምትገምት ሴት ከምርመራው በፊት ለሐኪሙና ለራጅ ባለሙያው ማሳወቅ።

• ሕፃን ሲመረመር መጠኑ ለዕድሜውና ለክብደቱ መስተካከሉን መጠየቅ፤ ልጁን የሚደግፍ ወላጅም የእርሳስ መከላከያ ልብስ እንዲሰጠው መጠየቅ።

• ጨረር የሌለው አማራጭ፣ ለምሳሌ አልትራሳውንድ፣ ለጉዳዩ ይበቃ እንደሆነ ሐኪሙን ማማከር።

• በምርመራው ወቅት ባለሙያው ሲያዝ ትንፋሽን መያዝና አለመንቀሳቀስ፤ የተንቀሳቀሰ አካል ምስል ስለሚበላሽ ምርመራው ሊደገም ይችላል።

• የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈር ሥርዓቱን ተከትለው መሄድና የታደሰ መታወቂያቸውን መያዝ።

አንዳንድ ተገልጋይ ባለሙያን መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠር ይመስለዋል። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንደሚባለው ባለመጠየቅ የሚቀረው ብዙ ነው። ስለሚደረግለት ምርመራ መረዳት የታካሚው መብት፣ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳትም የባለሙያው ግዴታ ነው።

የሲንቲሌተር ቁሶች መሻሻል ባለፉት 130 ዓመታት ለታካሚው ብዙ ሰጥቷል፤ ወደፊትም ይሰጣል። ቁሱ የሚሠራው በሩቅ አገር ፋብሪካ ነው፤ ጥቅሙ የሚረጋገጠው ግን በግዢ ሰነዱ፣ በመለኪያ መዝገቡ፣ በማይቋረጠው ኃይል፣ የሌላውን ተቋም ምስል በሚቀበለው ሆስፒታልና የቀድሞ ፊልሙን ይዞ በሚቀርበው ተገልጋይ ነው። በአማኑኤል የሚኖር አንድ ታካሚ በአንድ ምርመራ፣ በአነስተኛ ጨረርና ረጅም መንገድ ሳይጓዝ ትክክለኛ ምላሽ ማግኘቱ የዘርፉ መሻሻል ለሕዝብ መድረሱን የሚያሳይ መለኪያ ነው።